ክብሪት ቀፎ ውስጥ የመጣችው ጢንዚዛ

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ እጥረት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ጠመኔ የለም፣ ካርታው ተቀዷል፣ መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው የሚለው ሁሉ እውነት ነው፤ እኛም ጽፈነዋል። ዛሬ የምናነሣው ግን ምንም እጥረት ስለሌለበት የትምህርት መርጃ ነው። ይኸውም ስለሚበረው፣ ስለሚድኸውና በየሣሩ ውስጥ ስለሚርመሰመሰው ፍጥረት ነው። አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ፊታችሁን እንዳጨማደዳችሁ ይገባናል። ቆዩ፣ እስከ ታች አንብቡልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለተግባር ልምምድ በተመደብንበት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል፣ ስለ ነፍሳት የአካል ክፍሎች ልናስተምር ገባን። ሦስት ነን፤ አንዳችን ያስተምራል፣ ሁለታችን ከኋላ ተቀምጠን እንመዘግባለን። ሌሊቱን ስንሥል ያደርነውን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሰቀልን፤ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ስድስት እግር፣ ሁለት አንቴና። ሥዕሉ ቆንጆ ነበር። የምን ሥዕል ነው ብትሉን ግን መመለስ ይቸግረናል፤ ንብም አይደል፣ ዝንብም አይደል፣ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው፣ እንዲያው ብቻ «ነፍሳት» ነው።

ትምህርቱ እኩል ሲደርስ ከወደ መስኮቱ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሣና «ጋሼ፣ እኔ እውነተኛውን ይዣለሁ» ብሎ የክብሪት ቀፎ አወጣ። ከፈተውም። ጥቁር፣ የምታብለጨልጭ ጢንዚዛ ነበረች። ጥቂት ዳዳች፣ ከዚያ ክንፏን ዘርግታ «ድዝዝ» እያለች ተነሣችና የሚያስተምረው ጓደኛችን ደረት ላይ ዐረፈች። ምን አለፋችሁ፣ እሱ ጮኸ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ከኋላ የነበርነውም ዘለን ተነሥተን በደብተር መትተን ጣልናት። ልጁንም «ሁለተኛ ቆሻሻ ነገር ክፍል ውስጥ እንዳታመጣ!» ብለን አስቀመጥነው። ትምህርቱ ቀጠለ። የነፍሳት እግር ስንት ነው? ስድስት! በጣም ጥሩ፣ አጨብጭቡ።

በመመዝገቢያችን ላይ «የዕለቱ ዓላማ ግቡን መትቷል» ተብሎ ተጻፈ። ልጁ ግን በቀሩት ሁለት ሳምንታት አንድም ቀን እጁን አላወጣም።

ጉዳዩን ከሌላ ምድብ ጓደኞቻችን ጋር ስንወያይበት ተመሳሳይ ነገር ያልገጠመው አልተገኘም። አንዱ ጋ ፌንጣ ዘሎ ገባ፤ አንዱ ጋ ሸረሪት ከጣሪያ ወረደ፤ አንዷ ጓደኛችን ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ባባራበት ጠዋት ምስጡ ክንፍ አውጥቶ ከመሬት ሲፈላ፣ ዶሮው ሁሉ ሲሯሯጥ፣ ተማሪዎቿ በሙሉ በመስኮት ሲያዩ እሷ «ወደ ሰሌዳው ተመልከቱ!» እያለች ትጮኽ ነበር። ሁላችንም ያደረግነው አንድ ነው፤ እውነተኛውን አባረን ሥዕሉን አስተማርን።

እንግዲህ በእኛ በኩል ያለው አስተያየት ይህ ነው። ልጅ ስለነዚህ ፍጥረታት ባዶውን ሆኖ ወደ ትምህርት ቤት አይመጣም፤ አውቆ ይመጣል፣ የምናስረሳው እኛ ነን። ስለዚህ ትምህርቱ ልጁ በቀፎ ይዞት ከመጣው መጀመር አለበት። ለዚህም የጣና ዳር ልጅ በሚያውቀው ስም የተጻፈ፣ ማስፈራሪያም ውሸትም የሌለበት ትንሽ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ይጻፍልን ብለን ደጅ የምንጠናው ሰው የለም። እኛው እንጻፈው።

ወደዚያ ልጅ እንመለስ። በልምምዱ የመጨረሻ ቀን ከክፍል ውጭ አግኝተን፣ ይቅርታም መሰል ነገር ብለን፣ ጢንዚዛዋን ከየት እንዳመጣት ጠየቅነው። የምንቆጣው መስሎት ዝም አለ። በኋላ «ከእበት ሥር» አለ። ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ግጦሽም ወሰደን። ሁለት ዓይነት እንዳሉ አሳየን፤ እበቱን እዚያው ሥሩ ቆፍረው የሚያስገቡና አድቦልቡለው በኋላ እግራቸው እየገፉ የሚያንከባልሉ። ዝናብ የጣለ ሰሞን እንደሚበዙ፣ ማታ መብራት እንደሚወዱ፣ የሌላዋን ኳስ የምትነጥቅ ሌባም እንዳለች ሳይቀር ነገረን። ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ ብንለው «አይቼ» አለ። እኛ አሥራ ሁለት ዓመት ተምረን ይህን አላየንም!

ከዚያ ወዲህ አንብበን ያገኘነውን እንጨምርበት። አውስትራሊያ ከብት የገባላት ከውጭ አገር ነው። የአገሩ ጢንዚዛ የለመደው የካንጋሮን ጠጠር የመሰለ ፋንድያ ስለሆነ የከብቱን እበት የሚያነሣው ጠፋ። እበቱ እዚያው እየደረቀ ሣሩን ሸፈነ፣ ዝንብም ተፈለፈለበት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪዎቻቸው ከአፍሪካና ከሌላም ቦታ እበት ቀባሪ ጢንዚዛዎችን መርጠው እየወሰዱ ለቀቁ። እበቱ መሬት ሲገባ መሬቱ ይለሰልሳል፣ ይዳብራል፤ ዝንቡም መራቢያ ያጣል። እኛ በደብተር የመታናትን የመሰለች ፍጥረት ሰው ውቅያኖስ አሻግሮ ወስዷታል ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ ያስደነቀን ደግሞ አለ። በደቡብ አፍሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ኳሷን የምታንከባልል ጢንዚዛ ቀጥ ብላ የምትሄደው ሰማይ ላይ እንደ ወተት ፈስሶ የሚታየውን የከዋክብት ጎዳና፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ እያየች ነው። ተመራማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ ሰማዩን የሚጋርድ የወረቀት ቆብ አደረጉላቸው፤ ቆብ ያደረጉት መንገዱ ጠፍቷቸው ዞሩ። ይህን ለአራተኛ ክፍል ልጅ ንገሩት እስቲ! የጢንዚዛ ቆብ ሲባል የማይስቅ፣ ከሳቀም በኋላ ማታ ወጥቶ ሰማይ የማያይ ልጅ ካለ እኛን ጥሩን።

ከመካከላችን አንዷ ያደገችው በወንዛዬ፣ ፍል ውሃው አጠገብ ነው። ጉማራ ወንዝ ረጋ ባለበት ዳር፣ ውሃው ላይ በቡድን ሆነው እንደ እንዝርት የሚሾሩትን ትንንሽ ጥቋቁር ጢንዚዛዎች «የውሃ እናት» እያሉ ያሳድዷቸው ነበር። ፉጨት ታስተምራለች ስለሚባል ይዘው ከንፈራቸውን ያስነክሷታል። (ሴቶች ልጆች ስለ ሌላ ጥቅሟም ሹክ ይባባሉ ነበር፤ እሱን ግን ግድግዳ ላይ አንጽፈውም።) ፉጨቱን ቻልሽ ወይ ብንላት «በሦስተኛው ቀን» አለችን፤ እኛ እንጃ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሞከረ ሰው ሳይነከስም ይችል ይሆናል። ትምህርት ቤት ስለ የውሃ እናት ምን ተማርሽ ስንላት ግን ሳቀች። ምንም።

ታዲያ የውሃ እናት ማን ናት? እያንዳንዱ ዓይኗ ለሁለት የተከፈለ ነው። የላይኛው ሁለት ሰማይ ያያል፣ የታችኛው ሁለት ውሃ ውስጥ ያያል፤ ከላይ ወፍ፣ ከታች ዓሣ እንዳይበላት በአንድ ጊዜ ሁለቱን ዓለም ትጠብቃለች። አንቴናዋ ከውሃው ገጽ የሚነሣውን ትንሹን ሞገድ ይሰማል። ስለዚህ የወደቀች ዝንብ ስትንፈራገጥ የት እንዳለች ታውቃለች፣ በረዣዥም የፊት እግሮቿም ትይዛታለች። ስትጠልቅ ደግሞ ለመተንፈሻ የሚሆን አየር እንደ አረፋ አድርጋ ከጀርባዋ ይዛ ትወርዳለች። ጓደኛችን ይህን ስትሰማ «ይህን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ አላስነክሳትም ነበር፣ አያት ነበር» አለች።

በነገራችን ላይ፣ «ነፍሳት» የሚለው ቃል ራሱ ልጆችን ግራ ያጋባል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነፍሳት ሲባል የሰሙ ልጆች ክፍል ውስጥ «ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው» ሲባሉ ቢስቁ ምን ይገርማል? እኛ ሲስቁ እንቆጣለን። ቃሉ የነፍስ ብዙ ቁጥር መሆኑን፣ ትንሽዋም ፍጥረት ነፍስ ስላላት እንዲህ ተብላ መጠራቷን ብናስረዳ ግን ሳቁ ራሱ ትምህርት ይሆን ነበር።

የውሸቱንም ነገር እናንሣ። ባለፈው ሰሞን እርስ በርሳችን ስንፈታተን ሸረሪት ነፍሳት ናት ያልን ከግማሽ በላይ ነበርን። አይደለችም። እግሯ ስምንት ነው፣ አንቴና የላትም፣ ክንፍም የላትም፤ ዘመዷ ጊንጥ ነው። መምህር እንሆናለን የምንለው ሰዎች ይህን ሳናውቅ ለልጆች ብንጽፍ ስሕተታችን ዐርባ ዓመት ይኖራል። ሸረሪት ካነሣን ዘንድ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» የሚለውንም እንዲሁ። አበው በኅብረት ጉዳይ ሁለቱንም ብለው ማለፋቸው ለክርክር ክበባችን ይቆየን፤ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ግን ያ ድር ከየት ይወጣል የሚለው ይበቃል። ጠዋት በአጥር ላይ ጤዛ የያዘ ድር እያሳዩ የሚጀመር ትምህርት ምን መርጃ ይፈልጋል?

ስለ ንብ ብዙ አንጽፍም፤ ንብ ጠበቃ አታጣም። በላሊበላ ስም ውስጥ አለች፣ በጠጁ ውስጥ አለች፣ በጣና ደሴቶች ገዳማት በሚበራው ጧፍ ውስጥ አለች። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ሊቅ ንቦች አበባው ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ እንደሚነጋገሩ በማወቁ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል። ንብ የተከበረችው ሥራዋ ስለታወቀ ነው። የሌሎቹ ሥራ ስላልታወቀ ይረገጣሉ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ ለጨዋታ ጥሩ ነው፤ ለገበሬ ልጅ ምን ይረባዋል?» ብለውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቀላሉ አናልፈውም።

መጀመሪያ ወባን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ዛሬም በጣና ዙሪያ ወባ እንግዳ አይደለችም። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ እንቁላሏን ለማፍራት ደም ያስፈልጋታል። የወባ ትንኝ ስታርፍ ጭራዋን ወደ ላይ ታነሣለች። እጯ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆና ትተኛለች፤ የሌላው ቢምቢ እጭ ግን አንገቱን ወደ ታች ደፍቶ ይንጠለጠላል። ይህን በአንድ ጣሳ ውሃ ማሳየት ይቻላል። አሁን ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል እንግዳ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ተገኝታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይህቺኛዋ ከተማ ትወዳለች፣ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ውስጥ ትፈለፈላለች። እናቱ ውሃ የምታጠራቅምበትን በርሜል ጎንበስ ብሎ የሚመለከት፣ እጭ አይቶ «እማዬ፣ ይህ ይከደን» የሚል ልጅ ይሻላል ወይስ ስድስት እግር ብሎ ያጨበጨበ?

ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ጣና ላይ መግባቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል፤ ከእኛም የነቀልን አለን። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኒዮኬቲና የሚባሉ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ጢንዚዛዎች ተለቀው ነበር። አገራቸው የእምቦጩ አገር ነው፤ ቅጠሉን ይበላሉ፣ እጫቸው አገዳውን ይቦረቡራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ እጅግ ቀነሰ፤ የዚያን ዘመን የኤልኒኖ አየር ጠባይም ድርሻ ነበረው የሚሉ አሉ። ጣና ላይ ይለቀቁ ብለን የምንፈርድ እኛ አይደለንም፤ ከሌላ አገር ፍጥረት ማምጣት ጥናት ይጠይቃል፣ እምቦጩም ራሱ እንግዳ ሆኖ ነው የገባው። የምንለው፣ የዚህ ሐይቅ ልጅ አንድ ቀን ይህን የሚያጠናው ሰው እንዲሆን ከተፈለገ ዛሬ ጢንዚዛውን በደብተር አንምታበት ነው።

ሦስተኛው አንበጣ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መንጋው አገራችን ሲገባ፣ በወሎ በኩል ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየመታ ሲከላከል ሁላችንም እናስታውሳለን። አንዱ አንበጣ ክብደቱ 2 ግራም ያህል ነው፤ በቀን የክብደቱን ያህል ይበላል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ ግን ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡን ለስድስተኛ ክፍል ስጡት። የሚያስገርመው፣ ይኸው አንበጣ ብቻውን ሲኖር ረጋ ያለ ፍጥረት ነው። ሲጨናነቅና የኋላ እግሩ በሌሎች ሲነካካ በሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል፣ ቀጥሎም መልኩ። እ.ኤ.አ. በ1921 ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው ሳይንቲስት ስለ አንድ የአንበጣ ዘር ይህን እስኪያስረዳ ድረስ ብቸኛውና መንገኛው ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ይመስሉ ነበር። ኩብኩባ ሳለ፣ ክንፍ ሳያወጣ፣ መሬት ላይ የሚያየውና የሚናገረው ማን ነው? ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው።

ሌላ የቀረበብን ተቃውሞ «ልጅ ተነድፎ ቢመጣ ወላጁ ፊት ማን ይቆማል?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ጊንጥ በክብሪት ቀፎ አይያዝም። ድንጋይ ሲገለበጥ በእጅ ሳይሆን በእንጨት ነው፤ ገብረ ጉንዳን ሲጓዝ መንገድ ይለቀቅለታል። ቆዳ ላይ ሲፈጩ የሚያቃጥልና የሚያሳብጥ ቀይና ጥቁር ቀጭን ጢንዚዛም አለ፤ እፍ ብሎ ማባረር እንጂ መምታት አይገባም። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ መግባት ያለበት ነው። ፍርሃት ግን እውቀት አይደለም። ሁሉን የሚፈራ ልጅና ምንም የማይፈራ ልጅ እኩል ይነደፋሉ።

አንድ ነገር በእኛ ላይም ይነሣል። ልጆች የጢንዚዛ እግር በክር አስረው እንደሚያበሩ፣ የፌንጣ እግር እንደሚነቅሉ እናውቃለን፤ ያላደረገ ከመካከላችን ስለሌለ ፈራጅ አንሆንም። ብቻ፣ በቀፎ የመጣው ከክፍል በኋላ ከተያዘበት ቦታ ይመለስ፤ መላሹም ያመጣው ልጅ ይሁን። ይህን በመጪው ልምምድ ሁለታችን ሞክረን እናያለን።

አሁን ወደ ሐሳባችን። እያንዳንዱ እጩ መምህር ከመጣበት ወረዳ አንድ ፍጥረት ይጻፍ። ከደንቢያ፣ ከፎገራ፣ ከዘጌ፣ ከአቸፈር የመጣችሁ አላችሁ፤ አንዱ ስም ሌላ ቦታ ሌላ ፍጥረት ሆኖ ሲገኝ እናያለንና ስሙ ከነወረዳው ይጻፍ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሥዕሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይሁን፤ ፍጥረቱን አስቀምጣችሁ እያያችሁ ሣሉ። የባዮሎጂ አሠልጣኛችን ስሕተቱን እንዲያርሙልን ጠይቀን እሺ ብለውናል። መጀመሪያ እዚህ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ቀጥሎ ወደ ልምምድ ስንወጣ ለልጆች ይነበባል። ልጆቹ «እንደዚህ አይደለም» ያሉት ይታረማል፤ ያም ልጅ እንዳለው «አይቼ» የሚሉት እነሱ ናቸውና። ዐርባ ገጽ ሲሞላ በስቴንስል ተባዝቶም ይሁን በኮምፒዩተር ታትሞ፣ ልምምድ ለሚወጣ ሁሉ አንድ አንድ ይድረሰው።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ የውሃ እናት ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ በታች በስፒል ተሰክቷል። ሥዕሏን የሣልነው ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር፣ አንዷን በብርጭቆ ይዘን፣ እያየን ነው። እሷ ስትሾር እኛም አብረን ስንዞር ስለዋልን እግሯ ላይ ስሕተት አይጠፋም። ቁጠሩልን፤ አንድ ሰው አምስት ነው ብሎናል።

ከሁለተኛ ዓመት እጩ መምህራን